የሀርሜ ደብዳቤዎች የት ገቡ?

እህቴ የደወለችው በ2011 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። እሷ ያለችበት ሚኒሶታ ገና አመሻሹ ነበር። በሌሊት የሚደወል የውጭ ስልክ መርዶ እንጂ ምሥራች አያመጣም ብዬ የማምን ሰው ስለሆንኩ ልቤ እየመታ ነው ያነሳሁት። ምሥራች ሆኖ ተገኘ። ከስምንት ዓመት ትዳር በኋላ እህቴ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች።

አለቀስን፣ ሳቅን፣ እንደገና አለቀስን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ስትወልጂ ሀርሜ የጻፈችልሽ የአንጮቴ ደብዳቤ ነበር አይደል? እሱን ፎርዋርድ አድርጊልኝ።»

«ነገ ጠዋት ይደርስሻል» አልኳት። ምን ችግር አለው? ኢሜይል አይጠፋም። ወረቀት ይቀደዳል፣ ውሃ ይነካዋል፣ አይጥ ይበላዋል፤ ኢሜይል ግን የትም አይሄድም። እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሀርሜ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። የእኛዋ ሀርሜ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው አርጆ ነው፤ ከነቀምቴ ወደ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋ ላይ በተቀመጠችው ከተማ። አዲስ አበባ ውስጥ አርጆ ስል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከታች ሸለቆው ላይ ያለውን የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ሙቀትና ሸንኮራ አገዳ ይመስላቸዋል። የእኛ አርጆ ግን ጠዋት ጠዋት ጉም የሚወርድበት፣ ጋቢ የሚያስደርብ አገር ነው። ሀርሜ ያረፈችው በ2010 ዓ.ም. ነው። እህቴ ለቀብሯ አልደረሰችም። ይህን የምጽፈው ያ ደብዳቤ ለእህቴ የምግብ አሠራር ብቻ እንዳልነበረ እንድትረዱልኝ ነው።

ጠዋት ቡናዬን ይዤ ጂሜይሌን ከፈትኩ። በፍለጋው ሳጥን ላይ የላኪውን አድራሻ ጻፍኩ። አራት ደብዳቤዎች መጡ። አራት ብቻ። ሁሉም ከ2001 ዓ.ም. ኅዳር በፊት የተላኩ ናቸው። ሌላ ቃል ሞከርኩ፤ «አንጮቴ» የሚለውን በቁቤ፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ እንደገና በፊደል። ምንም። ቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩ፣ አይፈለጌ የሚባለውን ከፈትኩ። ቡናው ቀዘቀዘ። ሀርሜ ከ2000 እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ በወር አንድ ጊዜ ያህል ትጽፍልኝ ነበር። የአምስት ዓመት ደብዳቤ የት ገባ?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እህቴ ወደ አሜሪካ ስትሄድ የውጭ ስልክ ውድ ነበር፤ እቤታችንም ስልክ አልነበረም። ሀርሜ ለጉዳይ ነቀምቴ በወረደች ቁጥር አንድ ኢንተርኔት ካፌ ጎራ ማለት ጀመረች። ካፌ ይባል እንጂ አምስት ኮምፒውተርና አንድ የሚንጫጫ ጄኔሬተር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ቢሆነው ነው። እሷ ከጎኑ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ትናገራለች፣ እሱ በቁቤ ይጽፋል። ለደንበኞቹ መላኪያ ብሎ ከከፈታት የያሁ አድራሻ ይልከዋል።

ይህ ነገር ለእኛ እንዴት ያለ ዕድል እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ አማርኛ በኢሜይል መጻፍ ጣጣ ነበር። የግዕዝ ፊደል የሌለው ኮምፒውተር ላይ አማርኛን በላቲን እየጻፍን፣ «በላ» ይሁን «ባላ» እየተጠራጠርን እናነብ ነበር። ኦሮምኛ ግን ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ስለሚጻፍ ልጁ እንደተነገረው ይተይበዋል፣ እኛም ሳንሳሳት እናነበዋለን። አንድ ችግር ብቻ ነበር፦ ሀርሜ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በአማርኛ ነው። ቁቤ አታነብም። ስለዚህ ልጁን አታምነውም ነበር። እያንዳንዱ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት «ያልኩትን አንብብልኝ» ትለዋለች። አንዲት ቃል ቢያሳጥር ታስመልሰዋለች። ልጁ በኋላ እንደነገረኝ ሌላ ሰው አሥር ደቂቃ የሚፈጅበትን እሷ አርባ ደቂቃ ታስጽፈው ነበር። የምትከፍለው ግን የአሥሩን ነው።

ደብዳቤዎቹ ላም ወለደች፣ እገሌ ታመመ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ በቆሎው በረዶ መታው የሚሉ ናቸው። በመሃል ግን ሰው ፊት ለፊት የማትናገረውን ትናገራለች። በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ በጎርፍ መንገድ ተዘግቶባት መምጣት አልቻለችም። ያን ጊዜ ነው ስለ አንጮቴ ረጅሙን ደብዳቤ የላከችልኝ። እንዴት ከነልጣጩ ተቀቅሎ በኋላ እንደሚላጥ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ፣ ለአራስ ስንት ቀን እንደሚሰጥ። ወለጋ ውስጥ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ከአንጮቴ የሚቀድም ነገር የለም። ከዚያ ሳታስበው ይመስለኛል፣ እኔን ስትወልድ የተሰማትን ፍርሃት ተናገረች። ለልጁ እንዴት እንዳስጻፈችው አላውቅም። እኔ አንዴ አንብቤው፣ አልቅሼ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ሁሌም አለ ብዬ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድርጅት ተቀጠርኩ። ለሠራተኛ ሁሉ የቢሮ ኢሜይል ይሰጣል። ሁለት ሳጥን መክፈት ስላሰለቸኝ የጂሜይል ደብዳቤዎቼ ራሳቸው ወደ ቢሮው አድራሻ እንዲተላለፉ አደረግሁ። ይህን ለማድረግ ጂሜይል አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ደብዳቤው ሲተላለፍ እዚህ ያለው ቅጂ ምን ይሁን? አራት ምርጫ አለው። በገቢ ሳጥን ይቆይ፣ እንደተነበበ ተቆጥሮ ይቆይ፣ ወደ ማኅደር ይግባ፣ ወይም ይሰረዝ። እኔ የመጨረሻውን መረጥኩ። ሳጥኔ እንዳይሞላ፣ ንጹሕ እንዲሆን። ቤቴን እንደማጸዳ ነበር የተሰማኝ። የሚሰረዘው ሠላሳ ቀን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይቆይና ለዘላለም ይሄዳል።

በ2007 ዓ.ም. ሥራ ለቀቅሁ። ላፕቶፑን፣ መታወቂያውን፣ የቢሮውን ቁልፍ አስረከብኩ። ክሊራንስ ላይ አሥራ አንድ ሰው ፈረመልኝ። ከአሥራ አንዱ አንዱም «ኢሜይልሽ ውስጥ የግልሽ ነገር አለ ወይ?» አላለኝም፣ እኔም አላሰብኩትም። ያን ጊዜ ሀርሜ ሞባይል ስለያዘች ደብዳቤው ቀርቶ በየሳምንቱ እናወራ ነበር። ድምፅዋ እየተሰማኝ ደብዳቤዋ ትዝ አላለኝም።

ያን የጳጉሜን ጠዋት የድሮ መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ። የለቀቀ ሠራተኛ ሳጥን ከጥቂት ወራት በኋላ እንደሚዘጋ፣ ሰርቨሩም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እንደተቀየረ በትሕትና ነገሩኝ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። በምን ላይ? ቤቴ የነበረውን አውጥቼ ሰው ቤት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እህቴም የራሷን ደብዳቤዎች ፈለገች። እሷ ትቀበል የነበረው በኮሌጅ አድራሻዋ ነው፤ ከተመረቀች በኋላ ተዘግቷል።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ የአይቲ ባለሙያ አለ፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ያላሰብኩትን ነገር አጫወተኝ። ጂሜይል ከመፈጠሩ በፊት በነበሩት የዩኒክስ ኮምፒውተሮች ላይ ደብዳቤ የሚያስተላልፍ ሰው «ፎርዋርድ» የምትባል፣ ስሟ በነጥብ የሚጀምር ትንሽ ፋይል ይከፍታል። አዲሱን አድራሻ ይጽፍባታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይሄዳል። እዚህም ቅጂ እንዲቀር የፈለገ ሰው የራሱን ስም ደግሞ ይጨምራል፤ ከስሙ ፊት ወደ ኋላ ያጋደለች አንዲት ጭረት አድርጎ። ጭረቷ «ይህኛው እዚሁ ይቅር፣ አታዙረው» ማለት ነች። ካልተጨመረች ደብዳቤው ያልፋል፣ እዚህ ዱካው አይገኝም። «ያንቺ ነገር የዚያች ጭረት ጉዳይ ነው» አለኝ።

ጥቅምት ላይ ዕረፍት ወስጄ ወለጋ ሄድኩ። ሌላ ሰበብ ለባለቤቴ ነግሬው ነበር፤ ለኢሜይል ብሎ በአምቦ፣ በጌዶ፣ በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው እንዴት ይታያል? የልጁ ያሁ ሳጥን ውስጥ የተላኩት ቅጂዎች ይኖሩ ይሆናል የሚል ተስፋ ይዤ ነው። የሚልክ ሰው ጋ ቅጂ ይቀራል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለዘመድ የጻፉት ደብዳቤ ቢጠፋባችሁ መጀመሪያ የጻፈላችሁን ሰው ጠይቁ።

ኢንተርኔት ካፌው የለም። ቦታው ላይ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ተከፍቷል። እየጠየቅሁ ስሄድ ልጁን ከአውቶቡስ ተራው ራቅ ብሎ ስልክ ሲጠግን አገኘሁት። ልጅ ልበለው እንጂ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ከመቀመጫው ተነሳ። «የአዴ ልጅ ነሽ?» አለ። ነቀምቴ ውስጥ ትልቅ ሴት በአክብሮት አዴ ትባላለች። ማረፏን አልሰማም ነበር። ዓይኑን ጠረገና ለእርማችን ሻይ አዘዘ።

የያሁ አድራሻዋን ካፌው ሲዘጋ ትቷታል። ፓስዎርዷንም አያስታውስም፤ ቢያስታውስም ዋጋ የለውም። ያሁ አሥራ ሁለት ወር ያልተከፈተ ሳጥን ውስጥ ያለውን ያጠፋል። ሻይዬን ጨርሼ ልነሳ ስል ነው «ደብተሮቹስ?» ያለኝ።

«የምን ደብተር?»

«ኔትወርክ የሌለ ቀን የምጽፍበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ነቀምቴ ላይ መብራት አለ ሲባል ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኔትወርክ መጣ ሲባል መብራት ይሄዳል። ሀርሜ ደግሞ ልትጠብቅ አትችልም፤ የአርጆው መኪና ሞልቶ ይሄድባታል። ስለዚህ እንዲህ ባለው ቀን ልጁ የነገረችውን በደብተር ላይ በእጁ ይጽፍላታል፣ ያነብላታል፣ እሷም ትሄዳለች። እሱ ሌሊትም ሆነ ከሦስት ቀን በኋላ ኔትወርክ ሲመጣ ተይቦ ይልከዋል። በሚቀጥለው ስትመጣ ደብተሩን ትጠይቀዋለች። ደብተሩን የገዛችው እሷ ስለሆነች ሲሞላ ይዛው ትሄዳለች። «እኔማ ለምን ይሆንሻል እላት ነበር» አለኝ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አንድ የማነበው ነገር ነበር። አገራችን ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ ፕሮጀክት ኢሜይል ያስልክ ነበር። መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ደብዳቤዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ በስልክ መስመር በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይላካሉ፣ የመጡትም ይወሰዳሉ። ማቆየትና ማሳለፍ ማለት ነው። ሀርሜና ልጁ ፓዲስ የሚባል ሰምተው አያውቁም፤ ግን ያንኑ ነበር በደብተር ሲሠሩ የኖሩት።

በማግሥቱ ጠዋት በአባዱላ ወደ አርጆ ወጣሁ። የሀርሜ ሣንዱቅ አክስቴ ቤት ነው። ቀሚሶቿ፣ የዕድር ደረሰኞች፣ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከታች ሦስት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሮች። አክስቴ የልጅ ልጆች የትምህርት ቤት ደብተር መስሏት ነበር፤ አንዱን ለምድጃ ማቀጣጠያ አስባው እንደነበር ስትነግረኝ እየሳቀች ነው፣ እኔ አልሳቅሁም።

ሃያ ሰባት ደብዳቤ ቆጠርኩ። የልጁ ጽሕፈት ጥድፊያ ያለበት፣ አንዳንድ ቦታ ሻይ የፈሰሰበት ነው። በእያንዳንዱ ግርጌ ግን ሌላ ጽሕፈት አለ። ሰፋፊ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል፦ «ሄደ»። ልጁ መላኩን ሲነግራት ሀርሜ ራሷ የምትጽፈው ነው። የሄደውንና ያልሄደውን ለይታ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከስንቱ ኮምፒውተር አዋቂ የተሻለች መዝገብ ያዥ ነበረች።

የአንጮቴው ደብዳቤ የለበትም።

ሦስት ጊዜ አገላበጥኩ። የለም። ያን ቀን ኔትወርክ ነበረ። ልጁ በቀጥታ ተይቦ በቀጥታ ላከው፤ እኔ ጋ ደረሰ፣ ጂሜይል ወደ ቢሮ አሳለፈው፣ የራሱን ሰረዘ፣ ቢሮው ዘጋው። ሁሉም ነገር በደንብ የሠራባቸው ቀናት ደብዳቤዎች አንድ ሳይቀሩ ጠፍተዋል። በእጄ ያሉት የተበላሸባቸው ቀናት ናቸው። ያኔ «ኔትወርክ የለም ብለውኝ ተመለስኩ» ስትለኝ እንዴት እናደድ እንደነበር አስታውሳለሁ።

እዚህ ላይ፣ ይህን የምታነቡ እህቶችና ወንድሞች፣ ትንሽ አስቁሜያችሁ ስለራሳችሁ ሳጥን ላውራ። ብዙዎቻችን ሁለትና ሦስት አድራሻ አለን፤ ማስተላለፉ ራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አሁን እጠቀምበታለሁ። የጂሜይልን የምታስተካክሉት ከስልኩ መተግበሪያ ሳይሆን በኮምፒውተር ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ ነው። የማስተካከያዋን ጥርስ መሰል ምልክት ነክታችሁ ሁሉንም ማስተካከያ ስትከፍቱ ስለ ማስተላለፍ የሚናገረው ገጽ ይገኛል። አዲሱን አድራሻ ስታስገቡ ወደዚያው አድራሻ የማረጋገጫ መልእክት ይላካል፤ እሱን ሳታጸድቁ ምንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ነው ያቺ ጥያቄ የምትመጣው። ቅጂው በገቢ ሳጥን ይቆይ የሚለውን ምረጡ። ገጹ ግርጌ ያለውን «አስቀምጥ» ሳትነኩ ከወጣችሁ ደግሞ የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይህን ስንት ሰው ሲረሳ አይቻለሁ። በአውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነ ቅጂ አስቀር የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ ምልክት አድርጉባት። ያሁ ግን በነጻ ለሚጠቀሙ ሰዎች ማስተላለፉን ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወዲህ አቁሟል።

ማስተላለፍ የሚይዘው ከዛሬ በኋላ የሚመጣውን ነው። ትናንት የመጣው ባለበት ይቀራል። አይፈለጌ ተብሎ የተለየውም አይተላለፍም፤ ስለዚህ አሮጌውን ሳጥን አልፎ አልፎ መክፈት ያስፈልጋል። መክፈቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ሁሉንም ደብዳቤ በአንድ ፋይል አውርዶ በራስ ኮምፒውተርና ፍላሽ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ጉግል ቴክአውት የሚባለው አገልግሎት ለዚሁ ነው። እግረ መንገዳችሁን ደግሞ ደብዳቤያችሁ ወደማታውቁት አድራሻ እየተላለፈ አለመሆኑን ተመልከቱ። ፓስዎርድ የሰረቀ ሰው ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ፓስዎርዱን ብትቀይሩ እንኳ ማስተላለፊያውን ካላጠፋችሁት ማንበቡን ይቀጥላል። ከሁሉ በላይ ግን የቢሮና የትምህርት ቤት አድራሻ የራሳችሁ እንዳልሆነ አትርሱ። የእናት ደብዳቤ እዚያ አይቀመጥም።

ወደ አርጆ ልመለስ። ከሃያ ሰባቱ አንዱ «ሄደ» የለበትም። የመጨረሻው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ለእኔና ለእህቴ በአንድ ላይ የተጻፈ። አጭር ነው። ዝናቡ በዝቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እንዳትመጡ ትላለች። ለሁለታችሁም የአንጮቴ ዘር ለይቼ አስቀምጫለሁ፣ ቤት ሲኖራችሁ ከአጥር ሥር ትተክሉታላችሁ ትላለች። ለእህቴ ደግሞ ብርዱ አገር ላይ ይበቅል እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላለች። ልጁን በስልክ ጠየቅሁት። አስታወሰው። ኔትወርኩ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ነበር፤ እስኪመጣ ድረስ አዴ ሞባይል ገዛች፣ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲጀምር አስቆምኩት።

ያን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። ሃያ ሰባቱንም አንስቻለሁ፤ በሁለት አድራሻ፣ በአንድ ፍላሽ፣ ደብተሮቹ ደግሞ እኔ ቤት በላስቲክ ተጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ። እህቴ ለሁለት ቀን አልመለሰችልኝም። በሦስተኛው ቀን የመጣው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ሚኒሶታ ላይ አይበቅልም በያት።»

የአንጮቴው ጉዳይ ግን አላለቀም። የእህቴ ወር እየገፋ ሳለ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታ ስልክም አብሮ ተቋረጠ። ሦስት ወር ገደማ ቆየ። እኛ ወለጋ ዘመድ ያለን ሰዎች ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍነው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ከነቀምቴ የመጣ ሰው ሲገኝ ነበር የምንጠይቀው። አክስቴን አርጆ ላይ በስልክ ማግኘት አልቻልኩም። እህቴ የምትወልደው መጋቢት ላይ ነው።

በአንድ ነጋዴ በኩል መልእክት ላክሁባት። በአሥረኛው ቀን ስልኬ ጠራ። አክስቴ ነቀምቴ ወርዳለች፤ እዚያ ስልክ ይሠራል። ያን ስልክ ጠጋኝ አግኝታው በእሱ ስልክ ነው የምትደውለው። ከጀርባዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«መኪናው ሊሞላ ነው፣ ቶሎ ጻፊ» አለችኝ።

ብዕር ፈለግሁ፣ የልጄን የሒሳብ ደብተር ሳብኩ፣ ከጀርባው ጀመርኩ። ከነልጣጩ ይቀቀል፣ አለች። ቢላ እንዲገባው እንጂ እንዳይፈርስ። ሲበርድ ይላጥ። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ይሁን። ቆጭቆጫ ለአራስ አይበዛም። እዚያ አንጮቴ ከየት ታገኛለች ስላት፣ አድርቄ አስፈጭቼ እልካለሁ፣ ለዱቄቱ ደግሞ ሌላ አሠራር አለው አለችና ያንን ጀመረች። ሁለት ገጽ ሞላ። እጄ ደከመ።

«ጨረስኩ» አልኳት።

«ያልኩትን አንብቢልኝ» አለችኝ።